በወፎቹ ደሴት ላይ ያየነው



አብዛኞቻችን በደጋ ተወልደን ያደግን፣ ባሕር ሲባል ጣናን ወይም ዝዋይን የምናስብ ልጆች ነን። ስለዚህ በደቡብ አፍሪቃ ጉብኝታችን ከኬፕታውን ወደብ በጀልባ ተሳፍረን ወደ ሮበን ደሴት ስንጓዝ፣ ማዕበሉ ከግማሻችን በላይ የሆንነውን ሆዳችንን እንዳወከን ብንነግራችሁ አናፍርም።

ይህች ደሴት በዓለም የታወቀችው በወህኒ ቤቷ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 (የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በአገራችን በኮልፌ የወታደር ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ ተያዙ፤ ኋላም ከ1964 እስከ 1982 ድረስ 18 ዓመት የታሰሩት በዚህች ደሴት ነበር። ጠባቧን ክፍል አይተን በዝምታ ወጣን። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ግን ስለ ሌሎቹ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ነው። እነርሱም ጠፍተው ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው ተመለሱ።

ከባሕሩ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ የማናፋት ድምፅ በሰማን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ «እዚህም አህያ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ሳቀና በእጁ አመለከተን። ፔንግዊን ነበር። ፔንግዊን በበረዶ አገር ብቻ የሚኖር ይመስለን ነበር፤ ይህ ግን በአፍሪቃ ምድር የሚራባ ብቸኛው የፔንግዊን ዓይነት ነው። ቁመቱ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በነጭ ቀሚስ ላይ ጥቁር ካባ የደረበ ሽማግሌ ይመስላል። መብረር አይችልም፤ ክንፉ መቅዘፊያ ሆኖለታል።

ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ባልና ሚስቱም 40 ቀን ያህል እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ፤ አንዱ ሲታቀፍ ሁለተኛው ዓሣ ፍለጋ ባሕር ይወርዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ላባቸውን በሚለውጡበት ወራት ደግሞ፣ አዲሱ ላባ እስኪበቅል ባሕር ሳይገቡ ሦስት ሳምንት ያህል ይጾማሉ። አስቀድሞ ጠግቦ ያልወፈረ ፔንግዊን ጾሙ ይገድለዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዚህ ወፍ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ዛሬ ከ10,000 ጥንድ ያነሰ ቀርቷል። ይህ እንዴት ሆነ?

መጀመሪያ ቤቱ ተወሰደ። የባሕር ወፎች ኩስ በብዙ ዘመን ተከምሮ በደሴቶቹ ላይ ወፍራም ድርብርብ ሠርቶ ነበር፤ ፔንግዊኖቹም ይህን ቆፍረው ከፀሐይ የሚከልል ጎጆ ያበጁበት ነበር። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ነጋዴዎች ኩሱን ለእርሻ ማዳበሪያ እየዛቁ በመርከብ ጫኑት። በናሚቢያ ዳርቻ ባለችው በኢቻቦ ደሴት ላይ የነበረው ክምር በ1845 ተጠርጎ አለቀ። ጎጆ ያጣው ወፍ በሜዳ ላይ ይታቀፋል፤ ሙቀቱ ሲበረታበት ወደ ውሃ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ነጣቂ የባሕር ወፎች እንቁላሉን ይበላሉ።

ቀጥሎ እንቁላሉ ተወሰደ። ከ1900 እስከ 1930 ባለው ጊዜ 13 ሚሊዮን ያህል እንቁላል ተለቀመ፤ አብዛኛውም ከኬፕታውን በስተሰሜን ካለችው ከዳሰን ደሴት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በዚያ ግን እንቁላሉ በእግሩ ሳይሄድ በሣጥን ተጭኖ ሄደ። ለቀማው የቆመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው።

በሦስተኛው ምግቡ ተወሰደ። ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉትን ትናንሽ ዓሦች መርከቦች ለሰው ምግብና ለእንስሳት መኖ ያጠምዷቸዋል፤ የባሕሩ ጠባይ መለወጥም ዓሦቹን ከደሴቶቹ አራቃቸው።

በሮበን ደሴት ፔንግዊን ገና በ1800 ገደማ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን ማንዴላ ወደ ሌላ ወህኒ ቤት በተዛወሩ በዓመቱ፣ በ1983፣ ጥቂት ጥንዶች በራሳቸው ጊዜ መጥተው ጎጆ ሠሩ። ልጆቻቸውም በዝተው በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ።

በሰኔ 2000 ግን «ትሬዠር» የተባለች መርከብ በሮበንና በዳሰን መካከል ሰጠመች፤ ጥቁር ዘይቷም 19,000 ያህል ፔንግዊኖችን ለወሰ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በፈቃዳቸው መጥተው፣ እየተነከሱ ወፎቹን አጠቡ፤ ዓሣም በእጃቸው አጎረሱ። ዘይት ያልነካቸው 19,500 ያህሉ ደግሞ በመኪና ተጭነው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በፖርት ኤልሳቤጥ አጠገብ ባሕር ላይ ተለቀቁ፤ ዋኝተው እስኪመለሱ ባሕሩ ይጠራ ዘንድ ነው። ብዙዎቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንገዱን ሳይስቱ ቤታቸው ገቡ። ከተለወሱትም አብዛኞቹ ዳኑ።

ይህን ስንሰማ፣ ችግሩ ያለቀ መስሎን ደስ አለን። አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እንደገና ወርዶ፣ በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር ተመዘገቡ። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ በ2035 ገደማ ከዱር ሊጠፉ ይችላሉ ብለው የሚያስጠነቅቁ ሊቃውንት አሉ። ያን ጊዜ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ይሆናሉ። በመጋቢት 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ በስድስት ዋና ዋና መራቢያዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ ማጥመድ ለ10 ዓመት ተከልክሏል። ሮበንና ዳሰንም ከስድስቱ ውስጥ ናቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ፔንግዊንን እናጥፋው ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። አንዱ ለእርሻው ማዳበሪያ፣ አንዱ ለቁርሱ እንቁላል፣ አንዱ ለገበያው ዓሣ ፈለገ። እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ ጥቂት ይመስለው ነበር፤ የሁሉ ጥቂት ሲደመር ግን እጅግ ብዙ ጎጆ ባዶ አደረገ። እኛም በየአገራችን ከደኑ አንዲት ዛፍ፣ ከሐይቁ አንድ መረብ ዓሣ ስንወስድ የምንለው «ይህ ጥቂት ነው» እያልን ነው።

ወፉ ግን ቂም አይዝም። ጎጆውንና ምግቡን ከተውንለት፣ 18 ሰዎች ሳይሆኑ አንድም ሰው ሳይጠራው እንደሚመለስ በሮበን ደሴት አይተናል። መመለሻ ስፍራ እንዳናሳጣው ብቻ እንጠንቀቅ።