የባሕር ሙቀትና የዛንዚባር ሴቶች እርሻ



እርሻ ሲባል በአሳባችን የሚመጣው በሬና ሞፈር፥ ጥቁር አፈርና ዝናም ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ እርሻ ግን በሬም አፈርም የለውም፤ ማሳው ባሕር ነው። ገበሬዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስፍራው የታንዛኒያ ክፍል የሆነችው የዛንዚባር ደሴት ናት።

በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች አጠገብ፥ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ባሕሩ እጅግ ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ሴቶቹ ወደ ተገለጠው አሸዋ ወርደው ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ወጥረው የባሕር አረም ቅንጣቢ ያሥሩበታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያደገውን አጭደው፥ በፀሐይ አድርቀው ይሸጡታል። ይህ ሥራ ለንግድ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። እኛ አረም ብንለውም ለእነርሱ አዝመራ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ካራጊናን የተባለው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስ ክሬም ውስጥ ስለሚገባ፥ ዛሬ ጧት ጥርሱን የቦረሸ አድማጫችን ሳያውቀው ቀምሶት ይሆናል።

በመጀመሪያ ባሎች ሥራውን የናቁት መሆኑ ይነገራል። ሴቶቹ ግን በገዛ እጃቸው ባገኙት ገንዘብ ቤት ሠሩ፤ ለልጆቻቸው ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ገዙ።

ነጋዴዎች ኮቶኒና ስፒኖሰም የሚሏቸው ሁለት ዓይነት ተክሎች አሉ። ኮቶኒ ዋጋው ከፍ ያለ፥ ጠባዩ ግን ቅምጥል ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ቃጠሎ የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷን ያስቀርባታል፤ ከዚህም ትርፍ ሙቀት ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነውን የሚውጠው ባሕር ነው። ጥልቀት የሌለው የዳርቻ ውሃ ደግሞ ከሁሉ ፈጥኖ ይግላል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት የኮቶኒ ቅርንጫፍ ይነጣል፥ ይለሰልሳል፥ ተቈርጦም ይወድቃል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ መንደሮች ኮቶኒ አልበቅል ስላለ፥ ሴቶቹ ዋጋው ዝቅተኛ በሆነው በስፒኖሰም ቀሩ። እርሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ይሞትባቸዋል።

የዓሣ አጥማጆቹም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. በደረሰው የባሕር ሙቀት የዓሣ ቤት የሆነው ዛጎላማ ድንጋይ፥ ማለት ኮራል፥ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ በብዙ ስፍራ ነጥቶ ሞቷል።

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት የዛንዚባር የባሕር ምርምር ሊቅ ዶክተር ፍላወር ምሱያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኮቶኒን በመረብ ቱቦ ውስጥ አድርገው፥ ውሃው ቀዝቀዝ ወደሚልበት ወደ ጥልቁ ለማዛወር ሞክረዋል። ሌሎችም ሰፍነግ ወደ ማርባት ዞረዋል። አሳቡ መልካም ነው። በቢሮ ወረቀት ላይ «እርሻው ወደ ጥልቁ ይዛወር» ብሎ መጻፍም ቀላል ነው፤ ይኸን የምናውቀው እኛው ነን። ነገር ግን ወደ ጥልቁ የሚያደርሰው ጀልባ የወንዶች ነው። ከሴቶቹም ብዙዎቹ በባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ ዋና አያውቁም። ስለዚህ የአዝመራው መዳን ከተክሉ አስቀድሞ በዋና ትምህርት ላይ ተንጠልጥሏል። አንዳንዶቹ መማር ጀምረዋል፤ ለብዙ ዓመት እስከ ጉልበታቸው ብቻ በሚያውቁት ባሕር ውስጥ፥ ዛሬ እስከ አንገታቸው ይገባሉ።