ነስርና ትኩሳት አብረው ሲመጡ

 

አንድ ልጅ ለሱብሒ ሶላት ዉዱእ ሲያደርግ ነሰረው እንበል። እናቱ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ ቀዝቃዛ ውኃ ታፈስበታለች። ሰውነቱም ስለሚያተኩሰው ከጓዳ አስፕሪን ታመጣለታለች። ያደረገችው ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን አስፕሪኑ ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ለምን? መልሱን ለማግኘት ደም እንዴት እንደሚቆም እንመልከት።

ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላዋ ጣታችንን ቢቆርጠው ደሙ ጥቂት ፈሶ ይቆማል። የሚያቆሙት ፕሌትሌት የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የደም ክፍሎች ናቸው። የሚሠሩት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው አንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። የደም ሥር ሲቆረጥ ከቁስሉ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሌሎቹን የሚጠራ ኬሚካልም ይረጫሉ። ተሰብስበውና ተያይዘው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ከዚያም በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን እንደ ድር ተዘርግቶ ድፍኑን ያጠነክረዋል።

አስፕሪን ይህ የመጠራሪያ ኬሚካል እንዳይሠራ ያግዳል። አስፕሪን ያገኘው ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቀድሞ ሥራው አይመለስም። ለልብ ሕመም ሐኪም ያዘዘላቸው ሰዎች የሚወስዱት ለዚሁ ጥቅሙ ነውና በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡት። ለሚደማ ልጅ ግን አይሰጥም።

በአሰላና በአርሲ ደጋ ለምትኖሩ ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከታችኋል። የጭላሎ ክረምት ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ልብስ ይደራረባል፤ ብርድ ልብስና ጋቢ በጋራ ይለበሳል። በዚህ ጊዜ የልብስ ቅማል ይራባል፤ ግርሻ የተባለውን ትኩሳትም ያስተላልፋል። በአርሲ ዞን ከሐምሌ 2008 እስከ ኅዳር 2009 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በከተማ ነዋሪዎች መካከል ይኸው በሽታ ተቀስቅሶ ነበር። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ይለቅና ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ጀርሙ በደም ውስጥ ሲበዛ የፕሌትሌት ቁጥር በጣም ይቀንሳል፤ ነስር የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ዝዋይ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወባ ይዞት ከሆነም ፕሌትሌቱ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱንም በሽታዎች በማይክሮስኮፕ በሚደረግ የደም ምርመራ መለየት ይቻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የነሰረውን ሰው አስቀምጡት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ጨምቃችሁ ሳትለቁ 10 ደቂቃ ያዙ፤ በአፉ ይተንፍስ። ራሱን ወደ ኋላ ካቀና ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ሌላ ቁስል ቢደማ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ እንጂ የቡና ዱቄት አትነስንሱበት፤ ቆሻሻ ያስገባል።

ነስር ከትኩሳት ጋር ከመጣ ወይም በቆዳ ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጥቦች ከታዩ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የግርሻ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መጠን ከባድ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል በጤና ባለሙያ ክትትል ይሰጥ። ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝታችሁ አትስጡ። የቤተሰቡን ልብስና አንሶላ ቀቅሉ። ቅማልንም በጥፍር አትጨፍልቁ፤ ጀርሙ የሚወጣው ሲፈርጥ ነውና።

ብዙ ቤተሰብ «ቅማል አለባቸው እንዳይሉን» በማለት በሽተኛውን ቤት ውስጥ ይሸሽጋል። ውድ እናቶችና አባቶች፣ ቅማል በብርድና በችግር ጊዜ በማንም ላይ ይወጣል። የሚያሳፍረው መድኃኒት እያለ በሀፍረት ምክንያት ልጅን ማጣት ነው።

አላህ ሁላችንንም በጤና ያቆየን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።