ምላሽ ያጣ ፍቅርና የጓደኞች ጥፋት



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገራለን ብላችሁ የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኛ የመረጥነው ግን ከወላጅም ከመምህርም ተሰውሮ የሚያድግ ነገርን ነው፤ ይኸውም ምላሽ ያጣ ፍቅር አልለቅ ወደሚል ሐሳብ ሲለወጥ የሚያመጣው ጉዳት ነው። ነገሩ በክፍላችን የሆነ ነው። የሁለቱን ልጆች ስም አንጠራም፤ ንግግሩንም አስቀድመን ለሁለቱም አንብበንላቸው ፈቅደውልናል።

ጓደኛችን ከገጠር መጥቶ 9ኛ ክፍል ገባ። ከገበያው በስተኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወደ አገሩ እየሄደ በሶውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህን ያወቅነው ግን ኋላ ነው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስሙን እንኳ በትክክል የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን።

አንድ ቀን በፈተና ላይ እስክርቢቶው አልጽፍ አለው። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ ትርፍ እስክርቢቶዋን ሰጠችው፤ ፈገግም አለች። ከዚህ በቀር ምንም አልነበረም። እርሱ ግን እስክርቢቶውን ሳይመልስ ቀረ፤ ያንንም ፈገግታ ማታ ማታ እንደ ሕልም ይፈታው ጀመር። ሹሩባ ብትሠራ ለእርሱ ብላ ነው፤ ሰላም ሳትለው ብታልፍ ሰው ፈርታ ነው። በቴሌግራም ጽፎላት መልስ ሲያጣ፣ መጨረሻ የታየችበትን ሰዓት እየተመለከተ ያነጋ ነበር።

ዶሮቲ ቴኖቭ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ሁኔታ «ሊመረንስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እርሳቸው እንደሚሉት እሳቱን የሚያነደው ተስፋና ጥርጣሬ ተደባልቀው ሲገኙ ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2010 ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቻቸው፣ በወደዱት ሰው ተትተው ገና ልባቸው ያልቆረጠ 15 ሰዎችን አንጎል በመሣሪያ መርምረው ነበር። የተለያቸውን ሰው ፎቶግራፍ ሲያዩ ከተነቃቁት የአንጎል ክፍሎች መካከል ከኮኬይን ሱስ ጋር የሚያያዙት ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ጓደኛችንን «ተወው፣ እርሳው» ማለት ብቻ የሚበቃ አልነበረም።

እኛ ግን ያንንም አላልነውም። እንጨቱን ስናቀብል የነበርን እኛ ነን። ለሣቅ ያህል «ትናንት ስላንተ ጠየቀች» አልነው። ደብዳቤ አረቀቅንለት፤ አደረስንለትም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «በዛብህ» እያልን ስንጠራው ደስ ይለው ነበር። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል በዛብህን ትወደው እንደ ነበር ግን ከመካከላችን ያስታወሰ አልተገኘም።

ልጅቱ ሁለት ጊዜ «አልፈልግም» ብላዋለች። እኛም «ሴት ልጅ መጀመሪያ እንዲህ ናት» አልነው። የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሲጀመር በየቀኑ እስከ ቤቷ በር ድረስ ተከታተላት። በዚህ ስፍራ በመጀመሪያ «ሸኛት» ብለን ጽፈን ነበር፤ ቃሉን ያሳረመችን ራሷ ናት። ቤተ መጻሕፍት መምጣት ተወች። ዋናውን መንገድ ትታ በወንዙ በኩል ባለው በታችኛው መንገድ፣ ታናሽ ወንድሟን አስከትላ መሄድ ጀመረች። ለእናቷ ብትነግራቸው መጀመሪያ የጠየቋት «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» ብለው ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ምን እንደ ተሰማት ነግራናለች፤ ሁለተኛ ምንም ላለመናገር ወስና ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ የሆኑት መምህርት ነገሩን የሰሙት ከታናሽ ወንድሟ ነው። ጓደኛችንን አስጠርተው «ራትህን የምትበላው ከማን ጋር ነው?» ሲሉ ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የልጅቱ ቃል የመጨረሻ መሆኑን፣ መከታተሉም አንድ ቀን እንኳ ቢደገም ወላጆቹ እንደሚጠሩ ቁርጡን ነገሩት። ተስፋ የሚሰጥ ቃል አልጨመሩበትም፤ እኛ ስንጨምር የኖርነው ያንን ነበርና።

እኛንም አስጠሩን፤ ውሸታችንን በፊቱ እንድንናገር አዘዙን። «ስላንተ ጠየቀች ያልንህ ውሸት ነው» አልነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፦

«ሁሉም?» አለን።

«ሁሉም» አልነው።

ከሦስት ቀን በኋላ እስክርቢቶውን በመምህርት እጅ መለሰ። ልጅቱ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ማበደሯን ረስታው ነበር።

ዘንድሮ ሁላችንም 11ኛ ክፍል ነን። ጓደኛችን ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላል፤ ከአገሩ በሶ ሲያመጣ ለእኛም ይተርፋል። ልጅቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሳለች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን እስካሁን በታችኛው መንገድ ነው።