በቁጥር ያነሰ ድምፅ ምን ይሠራል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






በየጠቅላላ ጉባኤው የማይጠፋ አንድ ሰው አለ። ሪፖርቱ ተነቦ አብዛኛው አባል እጁን ለማውጣት ሲዘጋጅ ከወደ ኋላ ብድግ ይልና «የማዳበሪያ ማጓጓዣው ሂሳብ ከአምናው ለምን ጨመረ?» ብሎ ይጠይቃል። ፀሐይዋ በርትታለች፣ ከብት የሚጠብቀው ሰው ወደ ቤቱ ቸኩሏል። «ይኸ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው» የሚሉ አይጠፉም። ድምፅ ሲሰጥ ሰውዬው ይሸነፋል። ታዲያ የዚህ ሰው ጥያቄ ለማኅበሩ ጥቅም አለው ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የአንዲት የገበሬ ልጅ ታሪክ ይረዳል። ታሪኩ የተፈጸመው በሩቅ አገር በካናዳ ነው። ይሁን እንጂ የተጀመረው ልክ እንደዚህ ባለ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የካናዳ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሪት አግነስ ማክፌይል በ1890 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ግሬይ በሚባል የገጠር አውራጃ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ተምረውም የገጠር መምህርት ሆኑ። በዘመኑ የአካባቢው ገበሬ ሁለት ብርቱ ችግሮች ነበሩበት። የእርሻ መሣሪያ በቀረጥ ምክንያት ተወዶበታል፤ የምርቱን ዋጋ ደግሞ ሌላው ይወስንለታል። በዚህም የተነሳ በ1914 የኦንታሪዮ የተባበሩት ገበሬዎች ማኅበርና የኅብረት ሥራ ኩባንያው ተቋቋሙ። ኩባንያው ዘር፣ መኖና የነዶ ማሰሪያ ሲባጎ በጅምላ እየገዛ ለአባላት ያቀርብ፣ ከብታቸውንም ለገበያ ያደርስ ነበር። ወይዘሪት አግነስ የማኅበሩን ዓላማ ተቀብለው ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ አባላትን ያስተምሩና ያደራጁ ጀመር። በጉባኤ ፊት መናገርን የተለማመዱት በዚሁ ነው።

በ1921 ገበሬዎቹ ከብዙ ወንድ ተወዳዳሪዎች መካከል እሳቸውን እጩ አድርገው መረጧቸው። ሴት በመሆናቸው እጩነቱን እንዲተዉ ብዙ ግፊት ቢደረግባቸውም እምቢ አሉ። በታኅሣሥ ወር በተካሄደው ምርጫ አሸንፈው ለካናዳ የፌዴራል ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሁለተኛዋ ሴት እስከተመረጡበት እስከ 1935 ድረስ በምክር ቤቱ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። መንግሥቱን የመሠረተው ሊበራል ፓርቲ ሲሆን የገበሬዎቹ ተወካዮች ከመንግሥት ውጭ ተቀመጡ። እንግዲህ የሚኒስትርነት ሥልጣንም ሆነ የሚበቃ የድምፅ ብዛት በእጃቸው አልነበረም።

ታዲያ ምን ሠሩ?

በመጀመሪያ የላካቸውን ሕዝብ ጉዳይ ያዙ። በእርሻ መሣሪያ ላይ የተጣለው ቀረጥ እንዲቀንስና የገበሬው ኅብረት ሥራ እንዲጠናከር ተከራከሩ። በምክር ቤቱ የተባለውንና የተደረገውን ለአካባቢያቸው ጋዜጦች እየጻፉ ለመራጮቻቸው ያሳውቁ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከአካባቢያቸው አልፈው የሌላውን ችግር የራሳቸው አደረጉ። በ1925 በኬፕ ብሪተን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ወደዚያው ሄደው የሠራተኞቹን ኑሮ በዓይናቸው አዩ። ሲመለሱም ያዩትን በምክር ቤት ተናገሩ። የገበሬ ተወካይ ከከሰል ቆፋሪ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ላቡን አፍስሶ ዋጋውን ሌላ የሚተምንበት ሰው ግን፣ ነዶ ቢያጭድም ከሰል ቢቆፍርም፣ ችግሩ አንድ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደው ነው። እርሱም የወህኒ ቤቶች አያያዝ ነበር። እስረኛ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ አይደለም፤ ስለ እሱ መናገርም ወዳጅ አያፈራም። ወይዘሪት አግነስ ግን በኪንግስተን የሚገኘውን ትልቅ ወህኒ ቤት ገብተው ጎበኙ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስረኞች ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ጠቃሚ ሥራ ይሰጣቸው፣ ከሚያገኙትም ለቤተሰባቸው ይድረስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለወንጀለኛ የሚራሩ እየተባሉ ተነቀፉ። ቢሆንም በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይነሱ ነበር። በ1932 በዚያው ወህኒ ቤት ብጥብጥ ሲነሳ ሲናገሩት የቆዩት ጉዳይ በአደባባይ ወጣ። በ1936 መንግሥት በዳኛ ጆሴፍ አርሻምቦ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1938 ባወጣው ሪፖርት ወህኒ ቤት ሰውን የሚያርም እንጂ የሚሰብር መሆን እንደሌለበት አመለከተ። ጦርነቱ አፈጻጸሙን ቢያዘገየውም ከጦርነቱ በኋላ ለውጡ ተጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ ስትነሳ የኖረች ጥያቄ በመጨረሻ ሥራ ላይ ዋለች ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ድምፅ ሚዛን ይደፋል። ከ1925ቱ ምርጫ በኋላ ሊበራሎች ብቻቸውን የሚያስወስን ድምፅ አላገኙም። ወይዘሪት አግነስ አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩት መካከል ዉድስወርዝና ሂፕስ የተባሉት ሁለት የሠራተኛ ተወካዮች ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት ለአረጋውያን ጡረታ እንዲታሰብ ጠየቁ። ሕጉ በመጀመሪያ በላይኛው ምክር ቤት ቢወድቅም በ1927 ጸደቀ። ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሞላ ችግረኞች በወር እስከ 20 ዶላር የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ።

ሁሉም ነገር ተሳካላቸው ማለት ግን አይደለም። ለተማሪዎች ወታደራዊ ሥልጠና የተመደበው በጀት ወደ 1 ዶላር ዝቅ ይበል ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። በ1940 ምርጫም ተሸነፉ። በ1943 ግን ለኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተመረጡ። በ1951 ኦንታሪዮ ሴትና ወንድ ለአንድ ዓይነት ሥራ እኩል ክፍያ እንዲያገኙ የሚያዝ ሕግ ስታወጣ ከገፋፉት መካከል እሳቸው ነበሩ። በ1954 ዓረፉ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከዚህ ታሪክ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም የሚሆን ትምህርት ይገኛል።

ለጠያቂው፦ ወይዘሪት አግነስ በወሬ አልተነሱም። ወህኒ ቤቱን ገብተው፣ የከሰል ቆፋሪውን ሰፈር ረግጠው ነው የተናገሩት። ስለዚህ በጉባኤ ላይ ስለ ማጓጓዣ ሂሳብ የሚጠይቅ አባል አስቀድሞ ደረሰኙን ይይ፣ መጋዘኑን ይጎብኝ። ጥያቄው ያኔ ክብደት ይኖረዋል።

ለተጠያቂው፦ ጥያቄ ጠላትነት አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል፣ የዕጣው ብዛት ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ድምፅ እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ድምፅ ለመደገፍ ብቻ የተሰጠ አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል አባባል አለ። ለጎረቤት ጠብ ደግ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለማኅበር ሂሳብ ግን አይሆንም። ነቀዝ የሚበዛው ማንም ከፍቶ በማያየው ጎተራ ውስጥ መሆኑን ገበሬ ያውቃል። አባቶችም በሌላ በኩል «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል።

በመሆኑም በየመሠረታዊ ማኅበሩ ሊሠራበት የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። በድምፅ የተሸነፈ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጉባኤም መጀመሪያ ላይ ተነቦ መልስ ይሰጥበት። ይህ ብዕርና አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ነው። የወይዘሪት አግነስ ጥያቄም በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ቆይቷል። ያ ከወደ ኋላ የሚነሳው ሰውዬም ዛሬ ቢሸነፍ፣ ጥያቄው ግን ተጽፎ ከተቀመጠ፣ ለከርሞ ማኅበሩን ከኪሳራ የሚያድነው እሱ ሊሆን ይችላል።

ለሁላችሁም መልካም የምሥረታ በዓል!