ጾመኛ ቤት ለእንግዳ ምን ያቅርብ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የዝግጅት ስብሰባ ላይ የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ተማሪዎች ለወላጆችና ለመምህራን ያሰሙት ንግግር)



የበዓላችን ቀን በታኅሣሥ ወር ዓርብ ቀን እንዲሆን ተወስኗል። ቀኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። መንገዱ የደረቀበት፥ መከሩም የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ከድብ ባሕር ለሚመጣውም፥ ተራራውን ተሻግሮ ከጃናሞራ ለሚደርሰውም ወላጅ የሚቀልለው ይህ ወራት ነው። ነገር ግን ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው፤ ዓርብም በራሱ ጾም ነው። ስለዚህ እንግዳ እንድንቀበል የተመረጥን እኛ አሥራ አንድ ተማሪዎች ገና ወንበር መቁጠር ሳንጀምር አንድ ጥያቄ ገጠመን። ከእኛ መካከል ስምንታችን ጾመኞች ነን፤ ሦስታችን ሙስሊሞች ነን። ከሚመጡትም እንግዶች የሚጾም አለ፥ የማይጾም አለ፥ ስለ ጾማችን ከቶ ሰምቶ የማያውቅም አይጠፋም። ታዲያ ሥጋ የማይቀመስበት ቤት ሥጋ ለለመደ እንግዳ ምን ያቅርብለት?

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ከሩቅ ሲያዩት ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል።

በአገራችን የእንግዳ ክብር የሚለካው በሥጋ መሆኑን መካድ አይቻልም። በግ የታረደለት ሰው መከበሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ዶሮም ስትቀርብ ከአሥራ ሁለቱ ብልት የትኛው ለማን እንደሚወጣ የምታውቅ እናት አንድ ቃል ሳትናገር ብዙ ተናግራለች። ሽሮ ያቀረበች እንደ ሆነ ግን፥ ሽሮው የቱን ያህል ቢጣፍጥ፥ «ጾም ሆኖብን ነው እንጂ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከኮሚቴያችን አንዱ «ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣ አባት ክክ አልጫ በልቶ ቢመለስ ለጎረቤቱ ምን ብሎ ይነግራል?» ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ጥያቄው የሆድ ብቻ ሳይሆን የስም ጥያቄ ጭምር መሆኑን ሁላችንም ተረዳነው።

በሌላ በኩል ጾሙ በዓመት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ቢሆን ኖሮ ቀኑን አሳልፎ በዓሉን ማክበር ይቻል ነበር። ዳሩ ግን የቀን መቍጠሪያውን ተመልከቱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ነነዌም አለ። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ኀምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ተደምሮ ሲታይ ምእመኑ 180 ቀን ያህል፥ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከቅቤና ከዕንቁላል ይርቃሉ ማለት ነው። የእኛ አገር ሰው ዓመቱን በግማሹ ሥጋ በል፥ በግማሹ አትክልት በል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ብናስገባ ቅር አይበላችሁ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ወደ ጎንደር ሄዷል። አገሩ ተመልሶ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ የአውሮፓ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ያወሩለት ስለ ጥሬ ሥጋችን የተናገረውን ነው። ስለ ሽሮአችን የተከራከረ ሰው እንደ ነበረ አልሰማንም።

የሚያስገርመው ደግሞ የእኛ የጾም ወራትና የእንግዳው ወራት መገጣጠማቸው ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፥ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣው ሰው በብዛት የሚጓዘው ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የነቢያት ጾምና አብዛኛው የሁዳዴ ጾም ደግሞ የሚውሉት በዚያው መካከል ነው። ስለዚህ ከጥንት ነጋዴ ጀምሮ እስከ ዛሬው ጐብኚ ድረስ፥ በእኛ መንገድ የሚያልፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጾመኛ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። «ለማይጾመው ሥጋ ይሠራለት፥ እኛ የጾማችንን እንብላ» የሚለው ወገን ጠንካራ ነበር፤ ከሁሉ የጠነከረውንም ምክንያት ያቀረበችው ሙስሊሟ ጓደኛችን ናት። «በረመዳን ቀን ክርስቲያን እንግዳ ቢመጣብን እናቴ ምሳ ሠርታ ታቀርብለታለች፤ እርሷ ግን እስከ መግሪብ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ጾሙ የእርሷ እንጂ የእንግዳው አይደለም» አለችን። ይህ ቃል ለጥቂት ጊዜ ዝም አሰኝቶናል። እውነትም ጾምን በእንግዳ ላይ መጫን ከጾሙ ዋጋ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይመስለንም።

ሆኖም ነገሩን ቀስ ብለን ስንመረምረው ሁለቱ ጾሞች በአንድ ነገር ይለያያሉ። በረመዳን የሚከለከለው ሰዓቱ ነው፤ እናቲቱ ለእንግዳው ቀን ያቀረበችውን ማታ ራሷም ትበላዋለች፤ ምግቡ የቤቱ ምግብ ነው። በእኛ ጾም ግን የሚከለከለው ምግቡ ራሱ ነው። ሥጋ ለማቅረብ ብንነሣ እናቶቻችን ለብዙ መቶ ሰው የሚበቃ ወጥ ጨዉን ሳይቀምሱ መሥራት ሊኖርባቸው ነው። በፓርኩ መንገድ ለጐብኚዎች ምግብ የሚያበስሉ የከተማችን ሰዎች በጾም ወራት ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ጨዉን በእጃቸው መጠን ይገምታሉ፥ ወይም ለማይጾም ሰው ያስቀምሳሉ። ሥራቸው ነውና አንነቅፋቸውም። ለአራት ወይም ለአምስት መንገደኛ የሚቻለው ነገር ግን ለድግስ አይሆንም።

ይህም ቢሆን የሚታለፍ ችግር ነበር፤ ያልታለፈው የቢላዋው ነገር ነው። የክርስቲያን ሥጋ አለ፥ የእስላም ሥጋ አለ፤ አንዱ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፥ ሁለተኛው ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፤ ሁለቱም በየወገኑ ይበላል። አባቶቻችን ለዚህ መላ አላጡም። የሌላ ሃይማኖት እንግዳ ሲመጣባቸው ዶሮዋን ከነነፍሷ ያስረክቡታል፥ ራሱ ያርዳል፥ ድስቱም ለብቻ ይሰጠዋል። በሰርግ ጊዜም ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚያርድ ሙስሊም ተጠርቶ፥ በሬው ለብቻ፥ ዕቃው ለብቻ፥ ዳሱም ለብቻ ይሆናል። መከባበር ያለበት ሥርዓት ስለ ሆነ አናቃልለውም። በስሜንና በወገራ ለብዙ ዘመን ከእኛ ጋር የኖሩት ቤተ እስራኤልም፥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፥ የገዛ ወገናቸው ያረደውን ብቻ ይበሉ ነበር። በአንድ ተራራ ሥር ሦስት ቢላዋ ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። የግጭ መንደር ሰዎች፥ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት፥ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ልጆቻቸው ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። አራት ዓመት በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ፥ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ገልጦ ያነበበ ጓደኛ፥ በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን አንዱ በአዳራሹ ራስጌ፥ ሁለተኛው በግርጌ ሊበላ ነው። በሥጋ ጉዳይ የተስማማነው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ሥጋ ከቀረበ ማዕዱ ይከፈላል፤ ጾመኛውም ለብቻው ከተቈጠረ ሦስት ይሆናል።

የጾም ምግብ ግን ቢላዋ የለበትም። ምስሩን ማንም አላረደውም። ጾመኛው ይበላዋል፥ ሙስሊሙ ይበላዋል፥ የሌላ አገር ሰውም ቢሆን አንዳች የሚያግደው የለም። ከብዙ ዓመት በፊት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ከመካከላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ ያልቀመሱ ነበሩባቸው፤ እንዲህ ያለውን መምህር በፋሲካ ሰሞን ጋብዛ ዶሮዋን ያረደች እመቤት ስትጨነቅ፥ የሚያወጣት ያው የናቀችው ሽሮ ነው። በሕንድ አገር ሥጋ የማይበሉ ቤተ ሰቦች ሰርግ ሲደግሱ ለሁሉም የሚያቀርቡት ያንኑ የራሳቸውን ምግብ ነው፤ ተጋባዡም ተዋረድሁ አይልም።

ከመካከላችን ታላላቆቹ ሌላም ነገር ያስታውሳሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ከአዲ አርቃይና ከዚያ ወዲህ ካለው ቆላ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት በመጣ ጊዜ ወራቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። ከየቤቱ በእንስራና በሰፌድ የወጣው ንፍሮ፥ ቂጣና ሽሮ ነበር። የማን ቢላዋ እንደ ነካው የጠየቀ ሰው አላየንም፤ የሚጠየቅበትም ነገር አልነበረውም።

ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን ወዲያው ተስማሙ ብለን ልናታልላችሁ አንሻም። አንዱ «ለእናንተ ጾም ሲባል እኛ ስለ ምን በበዓላችን ሥጋ እናጣለን?» ብሎ ጠይቋል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የመለስንለት በቃል ሳይሆን በቃለ ጉባኤያችን ላይ በመጻፍ ነው። ወደ ፊት የትምህርት ቤቱ በዓል በረመዳን የዋለ እንደ ሆነ፥ ማዕዱ ከመግሪብ በኋላ ይዘረጋል፤ እስከዚያ ድረስም ክርስቲያኖቹ ተማሪዎች ይታገሣሉ። ሁላችንም ፈርመንበታል።

ስለዚህ ያቀረብነው ዐሳብ አንድ የጾም ማዕድ ለሁሉም እንዲዘረጋ ነው። ነገር ግን ጾም ነው ተብሎ የደረቀ እንጀራ በውሃ ሽሮ የሚቀርብ ከሆነ፥ በሬው ቢታረድ ይሻል ነበር ብለን እንፈርዳለን። እንግዳው ሥጋ ያጣው ስለ ጾሙ እንጂ ስለ ስስታችን አለመሆኑ ከገበታው ላይ ሊታየው ይገባል። የደጋው ገብስና ባቄላ አለን፤ ድንችና ነጭ ሽንኩርት አለን፤ ጤፉ ከቆላው ይወጣል። ምስር በበርበሬ፥ ክክ አልጫ፥ ጎመን፥ ድንች በቃሪያ፥ በሰናፍጭ የተለወሰ አዚፋ፥ ስልጆ፥ የሱፍ ፍትፍት፥ የተልባ ፍትፍት ተደርድረው ሲቀርቡ ለዓይንም ለሆድም የሚያንሱ አይደሉም። በተለይ ስልጆ ጊዜ ስለሚፈልግ ከሳምንት በፊት መጣል አለበት፤ ይህን ለእኛ ያስተማሩን እናቶች እዚህ ተቀምጠዋል። ለመጠጥ ጠላው ለሚጠጣ ይኖራል፤ ለማይጠጣው ብርዝ በማር ይበጠበጣል፤ ጋኖቹም ይለያሉ።

ለሕፃናት፥ ለሕሙማንና ለሚያጠቡ እናቶች በመምህራን ክበብ ወተትና ዕንቁላል ይዘጋጃል፤ ማንም ለምን አይባልም። ማታ በየቤቱ የሚያድረውን እንግዳ ግን ኮሚቴያችን አያዝበትም። የማይጾም መንገደኛ በቤቱ ያሳደረ ሰው ዕንቁላል ቢጠብስለት፥ ወይም ዶሮዋን ሰጥቶ «እረድና ብላ» ቢለው፥ ያ የቤቱ ጌታና የእንግዳው ጉዳይ ነው። እኛ የተናገርነው ሁሉም በአንድነት ስለሚቀመጥበት ገበታ ብቻ ነው።

የመጥሪያ ወረቀቱ ላይ «ቀኑ ጾም ስለ ሆነ ማዕዱ የጾም ነው» የሚል አንድ መስመር እንዲገባ አድርገናል፤ ሳይነገረው ሥጋ ጠብቆ የመጣ እንግዳ ቢያዝን እውነት አለውና። ለበሬው መግዣ አስቀድማችሁ ያዋጣችሁ ወላጆች ገንዘባችሁን በጸሓፊው ዘንድ ታገኛላችሁ። መተው የፈቀደ ቢኖር፥ ከድብ ባሕርና ከዛሪማ መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት፥ ስንቃቸው በሳምንቱ መጨረሻ ለሚያልቅባቸው ጓደኞቻችን እህል እንዲገዛበት እንለምናለን።

የቀረን የዕቃ ነገር ነው። ድስት የምታውሱን እናቶች ቅቤ ያልነካውን፥ ሥጋም ያልተሠራበትን ለይታችሁ እስከ ረቡዕ ማታ እንድትልኩልን፤ ስማችሁንም በከሰል ከሥሩ ጻፉበት፤ ባለፈው ዓመት ድግስ ሦስት ድስት ባለቤት አጥቶ እስከ ዛሬ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቀምጧል።