የሠሩትን መዝግቦ ስለ ማቆየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ከርነል ሲሠራ የተደረገውን ምርጫ መዝግቦ ስለ ማቆየት ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም፣ አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ ከርነል ስለ ሆነ ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነዋል።

ከርነል ማለት በመሣሪያው አካልና በፕሮግራሞቹ መካከል ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድር እምብርት ነው። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። ዛሬ ከርነሉን ለሚሠራ ሰው ከ10,000 የሚበልጡ ምርጫዎች አሉ። ለብዙዎቹ መልሱ «ይግባ»፣ «አይግባ» ወይም «ሞጁል ሆኖ ሲፈለግ ይጫን» የሚል ነው። መልሶቹም ሁሉ ኮንፊግ በሚባል አንድ ፋይል ይጻፋሉ።

እናቶቻችን የጠላው ጣዕም የተለወጠ እንደ ሆነ፣ ከጌሾውና ከብቅሉ የትኛው እንደ በዛ ወይም እንደ አነሰ ይመረምራሉ። የከርነል ሠሪም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ዲስኩን የሚያስነብበው ክፍል ሞጁል ቢሆንና ያ ሞጁል በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ቢገኝ፣ ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ እንደ ተቆለፈ ይቆጠራል፤ መሣሪያውም አይነሣም። በዚህ ጊዜ የትናንቱን ኮንፊግ ያቆየ ሰው ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ጥፋቱን ቶሎ ያገኛል። ዲፍኮንፊግ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ልዩነቱን ብቻ ለይቶ ያሳየዋል። አዲስ እትም ሲወጣም ኦልድኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ የቀድሞውን መልስ ይዞ አዲሶቹን ጥያቄዎች ብቻ ያቀርብለታል። ነገር ግን ኤምአርፕሮፐር የሚባለው የጽዳት ትእዛዝ ኮንፊጉንም አብሮ ይደመስሳልና፣ ግልባጩን በሌላ ስፍራ ማኖር ይገባል።

በገዳሞቻችን የብራና ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም በመጽሐፉ ላይ ያሰፍራል፤ መጽሐፉም ስለ ራሱ ይመሰክራል። ከርነሉም ሠሪው ከፈቀደ ኮንፊጉን በውስጡ ይዞ፣ ኋላ ሲጠየቅ ሊያሳይ ይችላል።

የሆነ ሆኖ ፋይሉ የሚነግረን ምን እንደ ተመረጠ እንጂ ለምን እንደ ተመረጠ አይደለም። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ጊት በሚባለው መዝገብ ለውጡን ከነቀኑና ከነምክንያቱ ይጽፋል።

ከሞጣ በታች ያለውን የዓባይ ድልድይ እናስብ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰዎች ይተካካሉ፣ ሥራው ግን ይቀጥላል። ተከታዩ ጠጋኝ ከእርሱ በፊት የነበረው ምን እንደ ሠራና ለምን እንደ ሠራ ካላወቀ፣ ያው ጎርፍ እንደገና ያስተምረዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በኮምፒዩተር ክፍላችን የምንለውጠውን ሁሉ ከነቀኑና ከነምክንያቱ በደብተር እንጻፍ። ከእኛ በኋላ በዚህ ወንበር የሚቀመጡ ታናናሾቻችን ያመሰግኑናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።