በጠጠር መንገድ ቅድሚያ ለማን ነው?

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ብስክሌት ላውራችሁ። እንግሊዝ አገር ከዊንቸስተር ከተማ ተነስቶ ዞሮ እዚያው የሚመለስ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። የንጉሥ አልፍሬድ መንገድ ይሉታል። በስቶንሄንጅ በኩል ያልፋል። አብዛኛው አስፋልት አይደለም፤ ጠጠር ነው፣ እንደ ጠመኔ የነጣ ድንጋይ ነው፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ብዙዎቹ በቀናት ከፋፍለው ነው የሚጨርሱት። ጎማ ቢተነፍስ መለጠፊያና መንፊያ የያዘ ሰው ያስፈልጋል።

በፈረስ መንገድ ላይ ብስክሌት እንዲነዳ ሕግ የፈቀደው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ባለብስክሌቱ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይስጥ ይላል። እኔ የወደድኩት ይሄን ነው፤ ፈጣኑ ለዘገየው ይቆማል።

እኛም መዋጮው ሲከፈል፣ ደሞዟን የተከለከለችው፣ የታመመችው ትቅደም። ተራ የደረሰሽ እህቴ፣ ከቻልሽ ልቀቂላት። ነገ የማን ጎማ እንደሚተነፍስ አይታወቅም።